ስለ ውሰትና ስለ ጠብ

ሰው ገንዘቡን ለሰው የሚያሳልፍበት መንገድ ብዙ ነው። የሚሸጥ አለ፤ የሚሰጥ አለ፤ የሚያበድር አለ፤ የሚያውስም አለ። ከነዚህ ሁሉ ውሰት የሚባለው ሲያዩት ቀላል፥ ሲኖሩበት ግን እጅግ የረቀቀ ነው። የሸጠ ሰው ዋጋውን ተቀብሎ ከዕቃው ጋር ተሰነባብቷል። የሰጠም ሰው ልቡን ከዕቃው ላይ አንሥቷል። ብር ያበደረ ሰው የሚጠብቀው ልኩን ነው እንጂ ያንኑ የሰጠውን ብር አይደለም። ያዋሰ ሰው ግን ዕቃውን በሌላ ሰው እጅ አስቀምጦ በልቡ እንደ ያዘው ይኖራል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግም ይህን ልዩነት ተከትሎ፥ ውሰትን ከገንዘብ ብድር ለይቶ፥ ያለ ዋጋ የሚደረግና ያው ዕቃ ራሱ ለባለቤቱ የሚመለስበት ውል አድርጎ ደንግጎታል።

ሕጉ የሚመለሰው ምን እንደ ሆነ ይናገራል። ሰላምታ ከተቋረጠበት ዘመዱ ዘንድ ያለውን ንብረት የሚፈልግ ሰው በምን ዐይነት አነጋገርና በየትኛው በር መግባት እንደሚገባው ግን ለኅሊና የተተወ ጥያቄ ነው፤ የዚህም ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው።

መኪና ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በፊት፥ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን፥ ዘመድ ከዘመድ የሚዋሰው በቅሎ ነበር። ለሠርግ፥ ለለቅሶ፥ ዳኛ ፊት ለመቆም ለሚሄድም ሰው በቅሎ ከነኮርቻዋ ትሰጥ ነበር። በቅሎ የሰው መሆኗን ራሷ ታሳስባለች፤ ገብስ ትፈልጋለች፥ ያልለመደችውን ሰው ትራገጣለች፥ ልጓሟም ቢለቀቅ ወደ ጌታዋ ደጅ ታቀናለች። መኪና እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም። የቆመበትን ደጅ ሁሉ ቤቱ ያደርገዋል።

እንግዲህ ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። ሁለት ወንድማማቾች አሉ እንበል። ታላቁ መምህር ነው፤ በሥራ ዝውውር ወደ ጎንደር ሲሄድ ቶዮታ መኪናውን አዲስ አበባ ለሚኖረው ለታናሹ፥ «እስክመለስ ድረስ ያዘው፤ ቆሞ ከሚዝግ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርስበት» ብሎ ይተውለታል። ጽሑፍ አልተጻፈም፥ ምስክርም አልተጠራም፤ በወንድማማች መካከል እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ ነውር ነውና። ሊብሬው በታላቁ ስም ነው፤ አንደኛው ቁልፍ በታናሹ ኪስ፥ ሁለተኛው በታላቁ መሳቢያ ውስጥ ነው። ሁለት ዓመት በዚህ ዐይነት ያልፋል። ከዚያ አባታቸው ያርፋሉ፤ ከአርባው በኋላ ስለ አባታቸው ቤት ንግግር ይነሣል፤ አንዱ ይሸጥ ይላል፥ አንዱ አይሸጥም ይላል፤ ሊነገር የማይገባው ቃል ይነገራል። እስከዚያ ቀን ድረስ «ወንድም ጋሼ» ሲባል የኖረው ታላቅ ወንድም ከዚያ በኋላ በታናሹ አፍ «ሰውየው» ሆኖ ይቀራል። የዘመድ ጥል የሥጋ ትል ይባል የለ! ታላቁም ተመልሶ ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር ወደ ሥራው የሚሄደው በአውቶቡስ ነው፤ የገዛ መኪናው እንጀራ ተጭኖበት ከየካ ወደ መርካቶ ሲወርድ በአውቶቡሱ መስኮት ያየዋል። የታናሹ ሚስት እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች ታስረክባለችና፥ የቤቱ መተዳደሪያ ከዚህ ሆኗል።

በዚህ ጊዜ ለታላቁ መጀመሪያ የሚታሰበው ያ በመሳቢያ ያለው ሁለተኛው ቁልፍ ነው። ሌሊት ሄዶ አስነሥቶ ቢያመጣው ማን ይከለክለዋል? መኪናው የርሱ፥ ቁልፉም የርሱ ነው። ነገር ግን ሲነጋ የሚሆነውን እናስብ። ልጆቹ ደብተራቸውን ይዘው ሲወጡ ደጁ ባዶ ነው። እናቲቱ «ሌባ!» ብላ ትጮኻለች፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ታርጋው ለፖሊስ ይነገራል። ባለቤቱም በገዛ መኪናው ላይ ሳለ በመንገድ ይያዝና ሊብሬውን አሳይቶ ይለቀቃል። በወረቀት ነጻ ነው። ሆኖም ገንዘቡን ለመውሰድ የሌባን ሰዓትና የሌባን አካሄድ መምረጡ ከልጆቹ ፊት አይፋቅም። ሕጉም ቢሆን በዚህ ነገር ጠንቃቃ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንድ ሰው ንብረቱን በኃይል ወይም በስውር በተነጠቀ ጊዜ ወዲያውኑ መልሶ እንዲይዝ ይፈቅዳል፤ የተዋሰ ሰው ግን አልነጠቀም፥ በእጁ ተሰጥቶታል። ከዚህ የጠለቀውን በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 እናገኘዋለን። በዚያ ሥፍራ ያበደረ ሰው መያዣ ሊቀበል ቢሄድ ወደ ባልንጀራው ቤት እንዳይገባ፥ በውጭ እንዲቆምና ባለቤቱ ራሱ አውጥቶ እንዲሰጠው ታዝዟል። ነገሩ ስለ መያዣ የተነገረ መሆኑን አልዘነጋሁም፤ ይሁን እንጂ መብት ያለው ሰው እንኳ በደጅ መቆም እንዳለበት የሚያስተምር ሥርዐት ነው። በደጅ መቆም ተቀባዩን አያዋርድም፤ ሰጪውን ግን በገዛ እጁ የሰጠ ሰው ያደርገዋል።

ከዚህ ተቃራኒ «ይቅርበት፥ ከመኪና ወንድም ይበልጣል» የሚሉ ደጋግ ሰዎች አሉ። የሉቃስ ወንጌልም ገንዘብህን የወሰደብህን መልስ አትበለው የሚል ትምህርት እንዳለበት ይታወቃል። እውነት ከልቡ የተወ ሰው ቢገኝ እኔ ባርኔጣዬን አነሣለታለሁ። ብዙዎቻችን ግን የምንተወው በልባችን ሳይሆን በአፋችን ብቻ ነው። ዝም ያልነው ይሉኝታ ይዞን ነው፤ «በመኪና ምክንያት ወንድሙን ከሰሰ» እንዳይባል ነው። ዝም ባልን ቁጥርም በውስጣችን ሒሳቡ ይቈጠራል፤ ጎማው፥ ፍሬኑ፥ የተጫጫረው በር ሁሉ ይጻፋል። እንዲህ ያለው ትዕግሥት የተጠራቀመ ቁጣ ነው። ከዚህም ሌላ መኪና እንደ ጋቢ ወይም እንደ ምጣድ ተረስቶ የሚቀር ዕቃ አይደለም። ሕጉ የመኪናን ባለቤት፥ ራሱ ባይነዳውም እንኳ፥ መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት በመሠረቱ ኃላፊ ያደርገዋል። የሦስተኛ ወገን መድን መግባትም ግዴታ ነው። እንግዲህ በየዓመቱ መድኑን የሚያድሰውና ቦሎውን የሚያወጣው ማን ነው? አንድ ማለዳ በመርካቶ መግቢያ አንድ እግረኛ ቢገጭ፥ ከወንድሙ ጋር ያልተነጋገረው መምህር የሚጠራበት ቀን ይመጣል። ስለዚህ መኪናውን መጠየቁ ንፍገት አይደለም።

አሁን ደግሞ በታናሹ ወገን እንቁም። «በአባታችን ቤት ድርሻዬን ከልክሎኛል፤ እስኪሰጠኝ መኪናው በእጄ ይቆይ» ይላል። ይህ አነጋገር ፍትሕ ይመስላል። ነገር ግን መኪናው በእጁ የገባው ስለ ውርስ አይደለም፤ ስለ ፍቅር ነው። በፍቅር የተሰጠን ነገር የክርክር መያዣ ማድረግ ያን ቀን «ያዘው» ያለውን ቃል ወደ ኋላ ተመልሶ መለወጥ ነው። በነቢዩ ኤልሳዕ ታሪክ የመጥረቢያው ብረት ከውኃ የወደቀበት ሰው የጮኸው ብረቱ ውድ ስለ ሆነ ሳይሆን የውሰት ስለ ነበረ ነው። የተዋሰ ሰው ልብ እንዲህ መሆን ይገባው ነበር። ምናልባት ታናሹ የተማረ ሰው ቢሆን ፕላቶን ይጠቅስብን ይሆናል። ፕላቶን በሪፑብሊክ መጽሐፉ መጀመሪያ ክፍል፥ በጤናው ሳለ መሣሪያውን አደራ የሰጠ ወዳጅ አእምሮውን ስቶ ቢጠይቅ ሊመለስለት ይገባልን ብሎ ሶቅራጥስን ያናግራል፤ መልሱም አይገባም የሚል ነው። ይሁን እንጂ የተቈጣ ወንድም ያበደ ወንድም አይደለም፤ መኪናም ሰይፍ አይደለም። ባለንብረቱን «አሁን ሊቀበል የሚችልበት አኳኋን ላይ አይደለም» ብሎ የሚፈርድ ሰው ፍርዱ ለራሱ የሚጠቅመው ሲሆን ደግሞ ፍርዱን እጠራጠረዋለሁ።

የእንጀራው ነገር ግን ከዚህ ይለያል፤ ይህ ክርክር ሳይሆን ኑሮ ነው። ሁለት ዓመት በነጻ የተነዳ መኪና የታናሹ ንብረት ሊሆን አይችልም። ሆኖም ታላቁ እያወቀ፥ እያየም፥ አንድ ቤተሰብ ኑሮውን በዚያ መኪና ላይ አቁሟል። እንደኔ አሳብ ከዚህ የሚገኘው መብት የመኪናው አይደለም፤ የጊዜው ነው። ሴትዮዋ ሌላ ጫኝ እስክታገኝ፥ ከደንበኞቿም ጋር እስክትነጋገር አንድ ወር ወይም ሁለት ወር ሊሰጣት ይገባል። በወንድሙ የተቈጣ ሰው ይህን ጊዜ ሲነፍግ መኪናውን አላስመለሰም፤ መኪናውን በትር አድርጎታል። ታላቁ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው፥ ባንጣላ ኖሮ ስንት ቀን እሰጠው ነበር ብሎ ነው። ያንኑ ቀን ይስጥ።

ወደ ሽማግሌዎች እንምጣ። በአገራችን የዘመድን ጠብ በሽማግሌ ማየት ከሁሉ የተሻለ ልማድ ነው፤ ብዙ ቤት ከመፍረስ አድኗል። ነገር ግን ሽማግሌዎቻችን ሁለቱን ነገር በአንድ አቍማዳ መክተት ይወዳሉ። «አንተ መኪናውን ተውለት፥ አንተም ስለ ቤቱ ዝም በል፥ ተሳሳሙ» ይላሉ። መሳሳሙ መልካም ነው፤ ግን ሁለቱም ከልባቸው ያልተስማሙበትን ተሸክመው ይሄዳሉ፤ ለተስካር ሲገናኙም ያው ነገር እንደ ገና ይነሣል። እኔ ባማክር ሽማግሌ ለጠቡ እንዲላክ፥ ለመኪናው ግን ታላቁ ራሱ እንዲሄድ እመክራለሁ። የአባታቸው ቤት ያለ መኪናው ይነገር፤ መኪናውም ያለ ቤቱ ይጠየቅ። ይህ ሲባል ቀላል ይመስላል። በደጁ ቆሞ ወንድሙን በዐይኑ ሲያይ ግን በአርባው ማግስት የሰማው ቃል ወደ አፉ እንደሚመጣ አውቃለሁ።

እንግዲህ ይሂድ። በቀን ይሂድ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ ልጆቹ ቤት ውስጥ ናቸውና ድምፅ ከፍ አይልም። ሁለተኛውን ቁልፍ በኪሱ አይያዝ። «መኪናው ያስፈልገኛል፤ የዛሬ ሁለት ወር እመጣለሁ» ይበል፥ ቀኑን ይናገር፥ ስለ ቤቱ ቢነሣበት «እሱን ሽማግሌዎቹ ባሉበት» ይበል። ቡና ቢቀርብ ይጠጣ፤ ባይቀርብም አይከፋ። በተባለው ቀን ቁልፉ ቢሰጠው፥ የተጫጫረውን በር በዚያች ሰዓት ዞሮ አይመርምር። ከመነሣቱ በፊት ግን የኋላውን ወንበርና ሻንጣ ማስቀመጫውን ይክፈት። የእንጀራ መሶብ፥ ያንዲቱ ልጅ አንድ እግር ጫማ፥ ምናልባትም የአባታቸው ከዘራ ከዚያ ይገኝ ይሆናል። ከዘራው የማን እንደ ሆነ ሁለቱ ገና አልተነጋገሩም።