ቃሉ የማን ነው?

የሴቶች ቀን በሚከበርበት ሰሞን የታዋቂ ሴቶች ንግግሮች ከየመጻሕፍቱ ተመርጠው በአዳራሽ ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ፤ በትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ይነበባሉ፤ ሠዓሊው በጨርቅ ላይ ይጽፋቸዋል፤ ተዋናይቷ በመድረክ ላይ ታሰማቸዋለች። ድርጊቱ በጎ ነው። ለዘመናት አንደበቷ ተለጉሞ የኖረችው የኅብረተሰቡ እኩሌታ ቃሏ ሲከበር ማየት የማያስደስተው ሰው ቢኖር ልቡ ገና ከአድኃሪው ባህል አልተላቀቀም። ይሁንና የድርጊቱ በጎነት አንድ ጥያቄ ከማንሣት አያግድም። የአንዲት ሴት ቃል ከአፏ ወጥቶ በሌላ ሰው ብዕር ሲጻፍ፣ በሌላ ሰው ፈቃድ ሲታረምና ሲዋብ፣ ያም የተደረገው ለመልካም ዓላማ ሲሆን፣ ቃሉ አሁንም የእሷ ነው ሊባል ይችላልን? ካልሆነስ የተወሰደባት ነገር ምንድን ነው?

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት በኢትዮጵያ በገበሬው ጎጆም በመኳንንቱ አዳራሽም ሲነገር ኖሯል። ልብ ብሎ ለመረመረው ሰው ይህ ተረት ሴት አታውቅም አይልም። እንዲያውም ማወቋን አምኖ ይቀበላል። የሚነፍጋት ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ያወቀችውን በራሷ አንደበት ከዳር የማድረስ መብት ነው። ነገሩን የምታነሣው እሷ ብትሆንም መቋጫው በሌላ እጅ ነው። ስለሆነም የጭቆናው ስውር ገጽ ያለው ሴትን ዝም በማሰኘት ላይ ብቻ ሳይሆን፣ ከተናገረች በኋላ ቃሏን ተረክቦ በመጨረስም ላይ ነው።

ይህን ስውር ገጽ ገልጦ ለማየት ከአሜሪካ ታሪክ የሶጆርነር ትሩዝ ጉዳይ ከብዙዎች ይልቅ ይጠቅማል። ቃሏ በዓለም ላይ እጅግ ከሚጠቀስላቸው ሴቶች አንዷ ናትና፤ ከሁሉ የበለጠ የሚጠቀስላት ቃል ደግሞ የእሷ ላይሆን ይችላል።

ትሩዝ እ.ኤ.አ. በ1797 ገደማ በኒው ዮርክ ግዛት፣ በአልስተር አውራጃ፣ በባርነት ተወለደች። የመጀመሪያ ስሟ ኢዛቤላ ነበር። ጌቶቿ ከሆላንድ የመጡ ሰፋሪዎች ዘር ስለነበሩ አፏን የፈታችው በሆላንድኛ ነው። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆናት ከበግ መንጋ ጋር በ100 ዶላር ተሸጠች። አዲሶቹ ጌቶች የሚናገሩት እንግሊዝኛ ስለማይገባት ያዘዟትን ሳታቀርብ ስትቀር ትገረፍ ነበር። ለዚህች ልጅ ቋንቋ የጌጥ ጉዳይ አልነበረም፤ አንዲት ቃል አለማወቅ በጀርባዋ ላይ ሰንበር ሆኖ ይቀር ነበር። በ1826 ጨቅላ ልጇን ታቅፋ ጎሕ ሲቀድ ከጌታዋ ቤት በእግሯ ወጣች። የኒው ዮርክ ግዛት ባርነትን ያስቀረው ከዚያ በኋላ፣ በ1827 ነው። ልጇ ፒተር ከሕግ ውጭ ወደ አላባማ መሸጡን በሰማች ጊዜ ፍርድ ቤት ቆማ ተሟገተች፤ በ1828ም አስመለሰችው። አንዲት ጥቁር ሴት ነጭን ከስሳ መርታቷ በዚያ ዘመን እንደ ተአምር የሚቆጠር ነበር። በ1843 ስሟን ራሷ ለወጠች፤ አዲሱ ስም በአማርኛ «መጻተኛዋ እውነት» እንደ ማለት ነው። ማንበብና መጻፍ ስላልተማረች የሕይወት ታሪኳን ለኦሊቭ ጊልበርት በቃሏ አስጽፋ በ1850 አሳተመች።

በግንቦት ወር 1851 በኦሃዮ ግዛት በአክረን ከተማ የሴቶች መብት ጉባኤ ተካሄደ። ትሩዝ ተነሥታ ተናገረች። የጉባኤው ጸሐፊ የነበረው ማሪየስ ሮቢንሰን ንግግሯን አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ሰኔ 21 ቀን 1851፣ በጸረ ባርነት ጋዜጣ ላይ አወጣው። በዚያ ጽሑፍ ትሩዝ የምትጀምረው የሴቶች መብት ማለት እኔ ራሴ ነኝ በሚል አነጋገር ነው። ከማንኛውም ወንድ ያላነሰ ጡንቻ እንዳላት፣ ማረሷን፣ ማጨዷን፣ በቆሎ መፈልፈሏን፣ እንጨት መፍለጧን ትዘረዝራለች፤ የወንድ ያህል መሸከም እንደምትችልና ካገኘችም የወንድ ያህል እንደምትበላ ትናገራለች። ስለ አእምሮ መበላለጥ ለሚከራከሩትም መልስ አላት። የሴት አእምሮ ትንሽ መስፈሪያ፣ የወንዱ ትልቅ መስፈሪያ ነው ከተባለ፣ ትንሿ መስፈሪያ ብትሞላ ምን ይጎዳል? ከአቅሟ በላይ አትይዝምና ወንዶች ሆይ አትፍሩ ትላቸዋለች። ሔዋን ዓለምን ገልብጣለች ካላችሁም መልሳ እንድታቆመው ዕድል ስጧት ትላለች። በመጨረሻም ባሪያው ነጻነቱን፣ ሴቷም መብቷን ይዘው በተነሡበት በዚያ ሰዓት ወንዱ በጭልፊትና በአሞራ መካከል እንደ ገባ ታሳያለች።

በዚህ ንግግር ውስጥ ቀልድ አለ፤ ክርክርም አለ፤ ልመና ግን የለም።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 1863፣ ያን ጉባኤ በሊቀ መንበርነት የመራችው ፍራንሲስ ጌጅ ንግግሩን እንደገና ጽፋ በኒው ዮርክ ጋዜጣ አሳተመች። ዓለም የሚያውቀው ይህን ነው። በዚህ ጽሑፍ «ሴት አይደለሁምን?» የሚለው ጥያቄ እንደ አዝማች አራት ጊዜ ይመላለሳል፤ በ1851ዱ ጽሑፍ ግን አንድ ጊዜ እንኳ የለም። በጌጅ ጽሑፍ ትሩዝ የምትናገረው የደቡብ ባሮች እንግሊዝኛ ነው፤ እሷ ግን በሆላንድኛ ያደገች የሰሜን ሴት ናት። አሥራ ሦስት ልጆች እንደ ወለደች ትናገራለች፤ የወለደቻቸው ግን አምስት ናቸው። የታሪክ ምሁሯ ኔል ፔይንተር በ1996 ባሳተመችው የሕይወት ታሪክ ይህን ሁሉ በዝርዝር ብትመረምርም ጥቅሱ ከግድግዳ አልወረደም።

ጌጅን በክፉ ሐሳብ መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የባርነት ጠላት ነበረች፤ ለሴቶች እኩልነትም ታግላለች። በ1863 የእርስ በርሱ ጦርነት እየተፋፋመ ነበር፤ የባሮች ነጻነት ዐዋጅ ከወጣ ገና አራተኛ ወሩ ነበር። አንባቢን የሚያንቀጠቅጥ ጽሑፍ ያስፈልግ ነበርና ጻፈችው። ደግሞም፣ ብሎ የሚከራከር ሊኖር ይችላል፣ በቃል የሚተላለፍ ኪነ ጥበብ ሁሉ በዚህ መንገድ አይደለምን? አልቃሿ ከእናቷ የሰማችውን ሙሾ ለአዲሱ ሟች እንደሚስማማ ታሻሽለዋለች፤ አዝማሪው የትናንቱን ግጥም ዛሬ ለውጦ ያወርዳል፤ ይህን የሰረቀ ማንም አይለውም።

ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ልዩነት ይዘነጋል። አልቃሿ የምታሻሽለው በዚያው ሕይወት ውስጥ ሆና ነው፤ ሐዘኑም፣ ቋንቋውም፣ እንባውም የእሷ ነው፤ ያወረደችውንም በሌላዋ ስም አታትመውም። ጌጅ ግን የሌላ ሴት ስም በጽሑፉ ላይ እንደ ማኅተም አሳረፈች። የተለወጠውም ነገር ጌጥ ብቻ አልነበረም። የደቡብ አነጋገር በአፏ በተጨመረ ጊዜ ትሩዝ የሰሜን አንባቢ ባሪያ ትመስላለች ብሎ የሚጠብቃትን ሆነች። ስለዚህም ባርነት የደቡብ ኃጢአት ብቻ ሆኖ ታየ፤ በኒው ዮርክ እርሻ ላይ ሰው ከበግ ጋር ተቆጥሮ መሸጡ ተሸፈነ። የትሩዝ ሕይወት ከሁሉ በላይ ይመሰክር የነበረው ያንን ነው። እንግዲህ ለመልካም ዓላማ የተደረገው ማስዋብ ከተናጋሪዋ ላይ የወሰደው ምስክርነቷን ነው። ድርብ ጭቆና የሚባለው በጌታና በባል ብቻ የሚፈጸም አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ የትግል ጓድም ሳታስበው ትካፈለዋለች።

«ሴት አይደለሁምን?» የሚለው ጥያቄ ኃይል የለውም ማለት አይደለም። መልሱ ግን በአድማጩ እጅ ነው፤ የተጠየቀው ሰው አዎን ነሽ ወይም አይደለሽም ሊል ይችላል። የ1851ዷ ትሩዝ ይህን ዳኝነት ለማንም አልሰጠችም፤ መብቱ ራሷ መሆኗን ተናግራ አለፈች። ከዚህ አንጻር ሲታይ ታላቁ ለውጥ የቋንቋ ለውጥ ሳይሆን የቆመችበት ስፍራ ለውጥ ነው።

እሷ ራሷ ስለዚህ ዓይነቱ ነገር ምን ታስብ እንደነበር ከሌላ ጉዳይ መረዳት ይቻላል። በዚያው በ1863 የጸደይ ወራት ታዋቂዋ ደራሲ ሐሪየት ቢቸር ስቶው ስለ ትሩዝ አንድ ጽሑፍ አውጥታ በአፍሪካ እንደ ተወለደች፣ ከዚህ ዓለምም በሞት እንደ ተለየች አድርጋ ጻፈች። ትሩዝ ግን ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ኖራለች። በቦስተን ለሚታተም ጋዜጣ በላከችው ደብዳቤ ከአፍሪካ የመጡት አያቷ እንጂ እሷ አለመሆኗን፣ የስቶው ታሪክ በትክክል የእሷ እንዳልሆነና እውነተኛው በመጽሐፏ እንደሚገኝ አስታወቀች። ደብዳቤውንም የጻፈላት ሌላ ሰው መሆኑ ጉዳዩን ያጠብቀዋል። መጻፍ የማትችለው ሴት ብዕር መዋስ ነበረባት፤ ብዕር መዋስ ግን ቃልን አሳልፎ መስጠት አለመሆኑን ከጻፉላት ሰዎች ይልቅ ታውቅ ነበር።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ አንባቢ ባዕድ አይደለም። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አሥራ ሰባተኛው አንቀጽ በአማርኛው ኢትዮጵያ ከውጭ መንግሥታት ጋር ለምታደርገው ግንኙነት በኢጣልያ በኩል መላላክ ይቻላታል ሲል፣ በኢጣልያንኛው ግዴታ አድርጎት ተገኘ። በ1883 ዓ.ም. ከአንቶኔሊ ጋር በተደረገው ክርክር እቴጌ ጣይቱ ሴት መሆናቸውንና ጦርነት እንደማይወዱ፣ ያን ከመቀበል ግን ጦርነትን እንደሚመርጡ መናገራቸው በታሪክ መጻሕፍት ተመዝግቧል። ይህ ንግግር ዛሬ ሲጠቀስ ብዙ ጊዜ የጀግንነት መፈክር ብቻ ሆኖ ይቀርባል። እቴጌይቱ የተናገሩት ግን ስለ አንድ ቃል ነበር፤ በሌላ ብዕርና በሌላ ቋንቋ ትርጉሙ ስለተለወጠ ቃል። የተባለውንና የተጻፈውን አስተያይተው ሁለቱ አንድ አይደሉም አሉ። ከጀግንነቱ ጀርባ ያለው ይህ የንባብ ትጋት በአዳራሽ ግድግዳ ላይ አይታይም። መፈክሩ ቀርቶ ክርክሩ ቢጠቀስ ተማሪዎች ከእቴጌይቱ የበለጠ ይማሩ ነበር።

ብዕሩን ራሳቸው የጨበጡም አሉ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በስዊዘርላንድ ተምረው፣ በፋሺስት ወረራ ዘመን በኢጣልያ ታስረው፣ ከተመለሱ በኋላ አስተማሩ፤ ተውኔትና ግጥም ጽፈው በስማቸው አሳተሙ። በ1950 ዓ.ም. ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት በመመረጥ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። የእሳቸውን ቃል ለመጥቀስ የሚፈልግ ሰው መጽሐፋቸውን መክፈት ብቻ ይበቃዋል። ይህ ዕድል ከእሳቸው በፊት ለነበሩት ለብዙዎቹ አልተሰጠም፤ ጥንቃቄውም የሚያስፈልገው በተለይ ለእነዚያ ነው።

ከቃል ጋር አብሮ የሚወድቅ ሌላም ነገር አለ፤ ጥያቄው። የሴቶች ቀን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1910 በኮፐንሃገን በተሰበሰቡት ሶሻሊስት ሴቶች፣ በክላራ ዜትኪንና በጓዶቿ ሐሳብ አመንጪነት ሲወሰን፣ ከሁሉ በፊት የተያዘው የመምረጥ መብት ጥያቄ ነበር። ዛሬ በብዙ አገር አበባ ይታደልበታል። አበባ መጥፎ አይደለም።

እንግዲህ ካድሬው፣ መምህሩና የኪነ ጥበብ ሰው ምን ያድርጉ ቢባል፣ የጌጅ ጽሑፍ ከመድረክ ይውረድ ማለት አይደለም። ጽሑፉ በራሱ የታሪክ አካል ነው፤ ብዙ ሴቶችንም ከመቀመጫቸው አስነሥቷል። ተዋናይቷ ስታሰማው ግን አስተዋዋቂው ፍራንሲስ ጌጅ በ1863 እንደ ጻፈችው ብሎ ቢናገር ከስሜቱ የሚጎድል የለም። ከዚያ ቀጥሎም የሮቢንሰን ጽሑፍ ቢነበብ አዳራሹ ሁለት ሴቶችን ያያል፤ አንዷ የምትጠይቅ፣ ሌላዋ የምትናገር። የትኛዋ ወደ እውነተኛይቱ እንደምትቀርብ ተመልካቹ ይመርምር። የሮቢንሰንም ብዕር የሌላ ሰው ብዕር ነውና እንደ ወንጌል አይወሰድ፤ ከድርጊቱ የራቀው ግን አንድ ወር ያህል ብቻ ነው። መምህሩም በሰሌዳው ላይ ጥቅስ ሲጽፍ ከሥሩ የተነገረበትን ዓመት፣ የጻፈውን እጅና የተጠየቀውን ነገር ቢያክል ሦስት መስመር ብቻ ይጨምርበታል።

ትሩዝ በንግግሯ ላይ ያጣችውን ሥልጣን በምስሏ ላይ ለማግኘት ሞክራለች። በእርጅናዋ ዘመን ፎቶግራፏን በትንንሽ ካርዶች እያሳተመች ትሸጥ ነበር። በነጭ ነጠላና በቆብ፣ የሹራብ ሥራዋን ይዛ፣ እንደ ማንኛዋም የተከበረች እመቤት ተቀምጣ ትታያለች። ከምስሉ ሥር ጥላዋን የምትሸጠው አካሏን ለመደገፍ እንደሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ አለ። ከ1864 ጀምሮ በታተሙት ካርዶች ላይ የባለቤትነት መብቱ የተመዘገበው በፎቶግራፍ አንሺው ስም ሳይሆን በእሷ ስም ነው።