ይህ እህል የማን ነው?

በፎገራ ሜዳ ሩዙ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ከገለባው ከተለየ በኋላ በአውድማው ላይ አንድ ሥራ ይቀራል፤ ይኸውም ክፍፍል ነው። መሬቱ በእኩል የታረሰ እንደሆነ አራሹና ባለመሬቱ ፊት ለፊት ቆመው፣ አንድ ቁና ለዚህ አንድ ቁና ለዚያ እየተባለ ይሰፈራል። በዚያን ጊዜ እኛን ወጣቶችን የሚያስጨንቅ ጥያቄ ይነሣል። ዕርፍ ያልጨበጠ፣ በጭቃ ውስጥ ቆሞ ያላረመ ሰው እኩሌታውን የሚወስደው በምን መብት ነው? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ «ያበቀለው መሬቱ ነዋ!» ይባላል። ይህን መልስ እንደ ዋዛ ሳናልፈው እስኪ እንመርምረው።

ቫን ሄልሞንት የሚባል የፍላንደርስ ሐኪም በጋን ውስጥ 200 ፓውንድ ደረቅ ዐፈር ከትቶ፣ 5 ፓውንድ የምትመዝን የአኻያ ችግኝ ተከለ። አምስት ዓመት ሙሉ ከውኃ በቀር ምንም አልጨመረባትም። በመጨረሻ ቢመዝን ዛፏ 169 ፓውንድ ያህል ሆናለች፤ ዐፈሩ ግን የጎደለው 2 አውንስ፣ ማለት ከ60 ግራም የማይበልጥ ነበር። ጽሑፉ የታተመው ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1648 ነው። እርሱ ዛፏ የተሠራችው ከውኃ ብቻ ነው ብሎ ደመደመ፤ አየርን አላሰበም። እ.ኤ.አ. በ1779 ኢንገንሁስ የተባለ የሆላንድ ሐኪም አረንጓዴው የተክል ክፍል ብርሃን ሲያገኝ ብቻ አየሩን እንደሚያድስ አሳየ።

ዛሬ በተማሪ ቤት ብርሃን አስተፃምሮ የምንለው ይህንኑ ነው። የሩዙ ቅጠል ለዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎቹ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይስባል፤ ሥሩ ውኃውን ከጭቃው ይልካል፤ ክሎሮፊል የተባለው አረንጓዴ ቀለም የፀሐይን ብርሃን ይቀበላል። በብርሃኑ ኀይል ውኃው ይከፈላል። ኦክሲጅኑ ወደ ውጭ ይወጣል፤ እኛም የምንተነፍሰው እርሱን ነው። ሃይድሮጂኑ ደግሞ ከአየር ከመጣው ካርቦን ጋር ተጣምሮ ስኳር ይሆናል፤ ስኳሩም ወደ ዛላው ሄዶ በፍሬው ውስጥ ስታርች ሆኖ ይከማቻል። 1 ኪሎ ስኳር ለመሥራት 1 ኪሎ ተኩል ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድና 600 ግራም ውኃ ይገባል። ከ10,000 እጅ አየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 4 እጅ ያህል ብቻ ነውና፣ ያቺ ቀጭን ቅጠል ምን ያህል አየር ስታበጥር እንደምትከርም አስቡት!

እንግዲህ በወረታ ገበያ ከሚሸጠው አንድ ኩንታል ደረቅ ሩዝ ውስጥ ከዐፈር የመጣው 10 ኪሎ አይሞላም። ሌላው አየርና ውኃ ነው። የርብና የጉማራ ጎርፍ የሚያመጣውን ደለል መናቄ አይደለም፤ ናይትሮጂንና ፎስፎረስ ጥቂት ቢሆኑም ያለ እነርሱ ቅጠሉ ቅጠል አይሆንም። ሆኖም «ያበቀለው መሬቱ ነው» የሚለው መልስ በሚዛን ሲቀመጥ ቀሊል ነው።

ታዲያ አራሹ ሁሉን ይውሰድ? አራሹም እኮ አንዲት ቅንጣት ስኳር አልሠራም። ሩዝ ከመግባቱ በፊት ያው ብርሃን ሣር እየሆነ የፎገራን ላም ያጠግብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና መኖሩ የታወቀው እምቦጭም ማንም ሳያርስለት፣ ማንም ሳይዘራው፣ በዚያው ብርሃንና በዚያው አየር ስኳሩን ይሠራል፤ ያውም አሳምሮ! ብርሃን ሩዝን ከእምቦጭ አይመርጥም። መምረጥ የሰው ፋንታ ነው። የአራሹ ድካም ዋጋው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ብርሃኑ በአረሙ ላይ ሳይሆን በሩዙ ላይ እንዲያርፍ ክረምቱን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ይውላል።

ባለመሬቱስ ምን ሰጠ? እኔ እንደማየው የሰጠው ከዐፈር ይልቅ ስፋት ነው። አንዱ ቅጠል የተቀበለው ብርሃን ለሌላው አይደርስም፤ ከሥሩ ያለው ጥላ ያገኘዋል። ስለዚህ አንድ ጥማድ መሬት ማለት የአንድ ጥማድ ስፋት ያለው ብርሃን ማለት ነው። ብርሃኑን ደግሞ ከሰው ወገን የሠራው የለም።

ይህ ለእኛ የወሬ ፍልስፍና አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገ፤ በክልላችንም በ1989 ዓ.ም. መሬት እንደ ገና ተከፋፈለ። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ልጅ ካልወረሰ ወይም በእኩል ካልያዘ ዘር የሚበትንበት ስፋት ከየት ያመጣል? ፀሐይዋ እርሱንም ታገኘዋለች፤ ቅጠል የሚዘረጋበት ግን የለውም።

እዚህ ላይ አንዳንድ ጓደኞቼ ቸኩለው «እንግዲያው እኩሌታው ግፍ ነው» ይላሉ፤ ባለመሬቱ ማን እንደሆነ ሳይጠይቁ! በአገራችን መሬቷን በእኩል የምትሰጠው ብዙ ጊዜ በሬ የሌላት፣ የሚያርስላት ልጅ ያጣች እናት ናት። ተቀባዩ ጥማድ በሬ ያለው ጎበዝ ነው። ያቺ እኩሌታ የዓመት ጉርሷ ናት፤ እርሷን መከልከል እኔ አልደፍርም። ነገር ግን ከተማ ገብቶ በሌላ ሥራ የሚተዳደር፣ ማሳውን ቁና ሲሰፈር ብቻ የሚያይ ሰው እንደ እርሷ «ያበቀለው መሬቱ ነው» ሲል አልቀበለውም። ሕጉ ማከራየትን ፈቅዶለት ይሆናል። ሁለቱ የሚወስዱት ቁና አንድ ነው፤ የእርሷ መብት ከችግሯ ይነሣል፣ የእርሱ ግን በይዞታ ደብተሩ ላይ ካለው ስሙ በቀር የሚነሣበት የለውም።

ጎርፉ ሩዙን በወሰደበት ዓመትስ? አውድማው ባዶ ይሆናል፤ «ባዶውን እኩል ተካፈሉ» ይባላል። ዘሩን በጋራ አውጥተው እንኳ ቢሆን የክረምቱን ጉልበት ያጣው አራሹ ብቻ ነው። ስፋቱ ግን ለባለቤቱ እንዳለ ይቆየዋል፣ በሚመጣው ዓመትም ብርሃኑ ይመለስበታል። ይህን ልዩነት የሚቆጥር ቁና እስካሁን አላየሁም።