ካሳ ወይስ ፈቃድ?

ጌጫ የሚኖሩት አጎቴ ከቡና ማሳቸው ግርጌ ያለችውን ረግረግ ቦይ ቆፍረው ሊያደርቋትና ባሕር ዛፍ ሊተክሉባት አስበዋል። ባለፈው ስሄድ፣ ውሃ ያለበት ቦታ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ይታያቸዋል ብዬ የባምቡሪን ቪዲዮ በስልኬ ከፈትኩላቸው።

ባምቡሪ ኬንያ ውስጥ፣ ሞምባሳ አጠገብ ነው። ለሲሚንቶ ፋብሪካ የኖራ ድንጋይ ሲወጣበት የኖረ ካባ ነበር፤ የተረፈው ነጭ፣ አፈር አልባ ጉድጓድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሬኔ ሃለር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ዛፍ መትከል ጀመረበት። ከሞከራቸው ጥቂቶቹ ብቻ ጸደቁ፤ በተለይ ሸውሸዌ። ግን የረገፈው ቅጠል አልበሰብስ አለ። መላ የሆነው ሺህ እግር ነው፤ ቅጠሉን እየበላ አፈር ሠራ። ዛሬ ቦታው ኩሬ፣ ዓሣና ጉማሬ አለው።

አጎቴ እስከ መጨረሻው አዩና፣ «ልጄ፣ ድንጋይ ሲፈለጥበት የኖረው እንዲህ ከሆነ፣ የኛይቱማ ነገ ካስፈለገች ትመለሳለች» አሉኝ።

ዝም አልኩ። ለማስጠንቀቂያ ያመጣሁት ነገር ፈቃድ ሆኖ አረፈው።

እኔም ኮድ ስጽፍ እንደሳቸው ነው የማስበው፦ ቢበላሽ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ስለዚህ ድፈር። ግን ይህ የሚሠራው የቀድሞው ቅጂ ስለተቀመጠ ነው። ረግረግ ባክአፕ የለውም። ባምቡሪም ላይ የድሮው አልተመለሰም፤ አዲስ ነገር ነው የተሠራው።

ፈላስፋው ሮበርት ኤልየት እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ተመልሶ የተሠራ ተፈጥሮ እንደ ተጭበረበረ ሥዕል ነው ብሎ ተከራክሯል። እዚህ ላይ አልስማማም። ሺህ እግር የሠራው አፈር የውሸት አይደለም። ውሸቱ ያለው እኛ ሂሳብ ላይ ነው። ያቆሰለውን ሰው ያሳከመ ይመሰገናል፤ «ሐኪም አለ» ብሎ የሚያቆስልስ? ካሳ ከጥፋት በኋላ ሲመጣ ጽድቅ ነው፤ ከጥፋት በፊት ሲታሰብ ግን ለራስ ሕሊና የሚሰጥ ጉቦ ነው።

የሸካ ደን እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ የተመዘገበው አንድ ጀግና ስለተከለው አይደለም። ደኑንም ረግረጉንም አክብረው ያልነኩ ብዙ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ለመለሰ ሰው ሽልማት አለ፤ ላልነካ ሰው ግን ቪዲዮ የሚሠራለት የለም።

በእርግጥ አዲስ አበባ ደመወዝ እየበሉ «አይንኩ» ማለት ቀላል ነው። ባሕር ዛፉ ለአጎቴ ብር ነው፤ ረግረጓ አትከፍላቸውም። ታዲያ ካጠፉ በኋላ ለመመለስ ከሚወጣው፣ ሳያጠፉ በፊት ላለማጥፋታቸው ቢከፈላቸውስ?

ይህን ስነግራቸው ሳቁ። «ማን ነው የሚከፍለኝ፣ አንተ?»

እስካሁን አልመለስኩላቸውም።