«አለ» ያልከው ዕቃ የት ነው?

 

የዛሬው ነገራችን ስለ አንዲት አጭር ቃል ነው፤ «አለ» ስለምትለዋ።

ጀሞ ሁለት የምትኖር አንዲት እህት ማታ ቴሌግራም ላይ ጫማ አየች እንበል። «ቁጥር 38 አለ?» ብላ ጻፈች። «አለ» ተባለች። በቴሌብር ከፈለች፣ ስክሪንሾቱን ላከች፣ ሎኬሽኗን ላከች፣ ተኛች። ሻጩ የሚኖረው ለቡ ነው። ቤቱ ውስጥ ከራሱ ጫማ በቀር ጫማ የለም። ፎቶውን ያገኘው ከሌላ ቻናል ነው፤ እሱም ከሌላ። ጫማው በእውነት ካለ መርካቶ አንድ ሱቅ ውስጥ ነው፤ ሱቁም የሻጩ አይደለም። ወደ መርካቶ የሚደውለው «አለ» ብሎ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ነው።

ይህን ከምታነቡት መካከል ሻጭም፣ ገዢም፣ ሞተረኛም አይጠፋም። ስለዚህ ማንንም ለመውቀስ አልተነሳንም። ሱቅ ለመከራየት የብዙ ወር ቅድሚያ የሚጠየቅበት ከተማ ውስጥ ስልኩን ሱቅ ያደረገ ወጣት ሰነፍ አይደለም። ግንቦት 2013 ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ደግሞ ገንዘብ መቀበሉ የጣት ሥራ ሆኗል። ገንዘቡ በአንድ ደቂቃ ይደርሳል፤ ዕቃው ግን ዛሬም በመንገድ፣ በጭቃና በትራፊክ መብራት በኩል ነው የሚመጣው። ጥያቄው የሚነሳው በሁለቱ መካከል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለሚሆነው ነገር ተጠያቂው ማን ነው?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ሐኪም ኢብኑ ሒዛም (ረ.ዐ) የመካ ነጋዴ ነበር፤ የእናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ) የወንድም ልጅ። ሰው ወደ እሱ እየመጣ እጁ ላይ የሌለውን ዕቃ ይጠይቀዋል፤ እሱም ይሸጥለትና ከገበያ ሄዶ ይገዛለታል። ይህን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቃቸው። እሳቸውም እሱ ዘንድ የሌለውን እንዳይሸጥ ከለከሉት። ልብ በሉ፤ ሐኪም አጭበርባሪ አልነበረም፣ ዕቃውንም ገዝቶ ያደርስ ነበር። የለቡው ወንድማችን ሥራ ከዚህ የሚለየው በስልኩ ብቻ ነው።

ታዲያ ዕቃው በመጨረሻ ከደረሰ ክልከላው ለምን አስፈለገ? ያልደረሰበትን ቀን እናስብ። ጠዋት መርካቶ ሲደወል 38 አልቋል። ወይም አለ፣ ግን ዋጋው በአንድ ሌሊት 400 ብር ጨምሯል። ሻጩ ምን ያደርጋል? የጨመረውን ከራሱ ኪስ ከፍሎ የሚያመጣ አለ፤ አላህ በረካ ያድርግለት። ብዙ ጊዜ የምናየው ግን ሌላውን ነው፦ «እህት፣ ጥቁሩ አልቋል፣ ቡኒው ይሁንልሽ?» ቡኒውን ካልፈለገች ገንዘቧ ይመለሳል፤ መቼ እንደሚመለስ ግን አይነገራትም። እስከዚያው በእሷ ገንዘብ የሌላ ሰው ኦርደር ይገዛበታል። ዋጋው ቢቀንስ ትርፉ የሻጩ ነበር። ሲጨምር ግን ኪሳራው የእሷ ሆነ።

የፊቅህ ሰዎች እዚህ ላይ ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ሐዲስ የተወሰደ ትልቅ መርሕ አላቸው፤ የአንድ ነገር ጥቅም የሚገባው ቢጠፋ ኪሳራውን ለሚሸከመው ነው የሚል። ትርፍ ሐላል የሚሆነው ነጋዴው ብልጥ ስለሆነ ሳይሆን አደጋውን ስለተሸከመ ነው። መርካቶ ያለው ባለሱቅ ጫማውን በገንዘቡ ገዝቶ አስቀምጧል፤ ቢሰረቅ፣ ቢበላሽ፣ ፋሽኑ ቢያልፍበት የሚከስረው እሱ ነው። ፎቶ ብቻ የለጠፈው ሰውስ ምን ሊያጣ ይችላል?

አያቶቻችን ይህን ለማወቅ ኪታብ መክፈት አላስፈለጋቸውም። በድሮው ዘመን ከጎጃም ባሶ ገበያ እስከ ምፅዋ ወደብ ይመላለስ የነበረው የሲራራ ነጋዴ አብዛኛው ሙስሊም ነበር። በክርስቲያኑ መንግሥት ርስት የሚከለከለው ጀበርቲ የቀረለት ንግድ ነው። እሱም ቡናውን፣ ዝባዱን፣ አሞሌ ጨውን በበቅሎና በአህያ ጭኖ አብሮ ይሄድ ነበር። በየኬላው ቀረጥ የሚከፍል፣ ወንዝ ሲሞላ የሚጠብቅ፣ ሽፍታ ሲመጣ ከዕቃው ጋር የሚገኝ እሱ ነው። ትርፉ ብዙ ቢሆን ማን ይቀናበታል? መንገዱን በገዛ እግሩ ከፍሎታል። ዛሬ ከአልጋችን ሳንነሳ መነገድ መቻላችን ጥሩ ነው። ከሲራራው የቀረልን ድካሙ ብቻ ከሆነ አልሐምዱሊላህ፤ ኃላፊነቱም አብሮ ከቀረ ግን የተረፈውን ንግድ ልንለው ይከብደናል።

በኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ሐዲስ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ወሬ አለ፦ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን እህል ገዝተው ከገዙበት ቦታ ሳያነሱ መልሰው የሚሸጡ ሰዎች፣ ወደየራሳቸው ስፍራ እስኪያጓጉዙት ድረስ እንዳይሸጡ ይከለከሉ፣ በዚህም ይቀጡ ነበር። ሻጭ ዕቃውን መጀመሪያ ወደ ራሱ ያምጣ፣ ከእጁ ይግባ፣ ይየው። በዚያውም ስፌቱ የተተረተረውን ጫማ ከገዢዋ በፊት ያገኘዋል። ከሌላ ቻናል በተወሰደ ፎቶ የሚሸጥ ሰው ስለ ዕቃው ጉድለት መዋሸት እንኳ አይችልም፤ አያውቀውምና። «አላየሁትም» ማለት ግን ከኃላፊነት አያድንም። ላላየኸው ነገር «ኦሪጅናል ነው» ብለህ መስክረሃል።

«እኔ ካፒታል የለኝም፤ ታዲያ ሥራውን ልተው?» ትለኝ ይሆናል። አትተው። ቃሉን አስተካክል።

ደላላ ከሆንክ ደላላ ነኝ በል። «ዕቃው መርካቶ ነው ያለው፤ ሄጄ ላመጣልሽ እችላለሁ፤ የድካሜ ይህን ያህል ነው» ብትላት በግልጽ የታወቀ ኮሚሽን የምትቀበል ወኪል ነህ። ይህ ምንም ነውር የለውም፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ከነቢይነት በፊት የኸዲጃን (ረ.ዐ) ዕቃ ይዘው ወደ ሻም ነግደዋል፤ ዕቃው የማን እንደሆነም አልተደበቀም። ብዙ ወጣት ይህን የማይናገረው ገዢዋ ራሷ መርካቶ እንዳትሄድ ፈርቶ ነው። ጀሞ የምትኖር ሠራተኛ ለአንድ ጫማ ግማሽ ቀን አቃጥላ መርካቶ አትሄድም፤ ብትሄድም ሪዝቅህን ይዛብህ አልሄደችም።

ሌላው መንገድ ሰለም ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ሰዎች ለፍራፍሬ የአንድና የሁለት ዓመት ቅድሚያ ይከፍሉ ነበር፤ ይህን አልሻሩትም፤ ልኩ፣ ክብደቱና ጊዜው የታወቀ ይሁን አሉ። ስለዚህ ዓይነቱን፣ ቁጥሩን፣ ቀለሙን፣ ጥራቱን ምንም ክርክር በማያስነሳ መልኩ ዘርዝረህ፣ ሙሉ ዋጋውን ተቀብለህ፣ የሚደርስበትን ቀን ቆርጠህ ልትሸጥ ትችላለህ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ዕቃው ዕዳህ ነው። መርካቶ ቢጠፋ ከሌላ ቦታ ፈልገህ ታመጣለህ፤ ዋጋው ቢጨምር ጭማሪው ያንተ ነው። ዝርዝሩ ላይ መዝሀቦች ስለሚለያዩ ኡስታዝህን ጠይቅ።

ሦስተኛም አለ፤ ከሁሉም ቀላሉ እሱ ነው። ገንዘብ አትቀበል። «ነገ ጠዋት አይቼ ካገኘሁት እነግርሻለሁ» በል፤ ገዝተህ እጅህ ሲገባ ያኔ ሽጥላት።

ስለ ቀን ካነሳን አይቀር፣ «ነገ ኢንሻአላህ ይደርሳል» የምትለዋን መልእክት ሁላችንም እናውቃታለን። በሱረቱል ከህፍ ስለ ነገ ስንናገር የአላህን ፈቃድ እንድንጠራ ታዘናል። የታዘዝነው ግን ልናደርገው ለቆረጥነው ነገር ነው። ዕቃውን ያልገዛ፣ ሞተረኛ ያልጠራ፣ ነገም እንደማይደርስ ልቡ የሚያውቅ ሰው ኢንሻአላህ ሲል የአላህን ስም ለመዘግየቱ መሸፈኛ አደረገው። ከዚያ የባሰው ደግሞ አለ፦ ሙስሊም ያልሆኑ ደንበኞች ቃሏን «አይመጣም» ማለት እንደሆነች ተርጉመው ለምደዋታል። ይህን ያስተማርናቸው እኛ ነን።

አሁን ወደ መንገዱ እንውጣ። ንፋስ ስልክ ስሙ ራሱ ገመድ አልባ ስልክን ያስታውሳል፤ ወሬ በነፋስ ይሄዳል፣ ዕቃ ግን አይሄድም። በአገራችን ፖስታ በአብዛኛው የሚደርሰው ወደ ፖስታ ሳጥን እንጂ ወደ ቤት አይደለም፤ ለአብዛኛው ሰው ቤት ሊጻፍ የሚችል አድራሻ የለም። ስለዚህ ከመርካቶ ተነስቶ በልደታ፣ በሜክሲኮ፣ በሳር ቤትና በመካኒሳ አድርጎ ጀሞ የደረሰ ሞተረኛ ገና አልደረሰም። «ታክሲ ማዞሪያው ጋ ስትደርስ ደውል»፣ «ከፋርማሲው ወደ ውስጥ ግባ»፣ «ብሎኩን አለፍከው፣ ተመለስ»። ሎኬሽኑ የሚያሳየው ግቢውን ነው፤ አራተኛ ፎቅ የሚወጣው እሱ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር ያለ ፈቃድ እንደልብ አይነዳም።

እዚያ ደርሶ ሲደውል ስልኩ ዝግ ነው። ወይም ትወርድና ታየዋለች፤ «በፎቶው እንዲህ አልነበረም፣ አልፈልግም»። ሻጩ ዕቃውን ይቀበላል፣ ገዢዋ ገንዘቧ ኪሷ ነው። የመሄጃውን ነዳጅ ማን ከፈለ? የመመለሻውንስ? ሻጩ «ካልሸጠ አልከፍልም» ካለው፣ በውሉ ውስጥ ምንም ያላጠፋው ሰው ብቻውን ከሰረ። በኔ እይታ በዚህ ንግድ ውስጥ ካሉት በደሎች ሁሉ ከባዱ ይህ ነው። ሠራተኛ ቀጥሮ ሥራውን ጨርሶ ተቀብሎ ደሞዙን የከለከለ ሰው በቂያማ ቀን ተከራካሪው አላህ ራሱ እንደሚሆን በሐዲሰል ቁድስ ተነግሮናል። ሞተረኛው የተቀጠረው ለማድረስ ነው፤ አድርሷል። መሸጥ ያንተ ሥራ ነበር።

«ዴሊቨሪ በነፃ» የሚለውን ማስታወቂያም በዚህ ዓይን እየው። ነዳጅ ነፃ አይደለም። በዕቃው ዋጋ ውስጥ ካካተትከው ችግር የለውም፤ ከሞተረኛው ላይ ቀንሰህ ከሆነ ግን ስጦታውን የሰጠኸው አንተ አይደለህም።

አንቺም ገዢዋ እህቴ፣ ወንድሜም፣ ነገሩ አያልፋችሁም። ሱረቱል ማኢዳ የምትጀምረው ውሎችን ሙሉ በማለት ትእዛዝ ነው፤ ትእዛዙ ለሻጭ ብቻ አልተባለም። ዕቃው ከተነገረሽ የተለየ ከሆነ መመለስ መብትሽ ነው፤ ሐነፊዮች እንዲያውም ሳያይ የገዛ ሰው ሲያይ የመተው ምርጫ አለው ይላሉ። ነገር ግን ከሦስት ቻናል አንድ ዓይነት ዕቃ አዝዞ ቀድሞ የመጣውን ተቀብሎ ለሁለቱ ስልክ መዝጋት መብት አይደለም። «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ» የምትል አንዲት መልእክት ሞተረኛው ከመርካቶ ሳይነሳ ብትደርስ ማንም አይጎዳም። ለነገሩ ሕጉም መልእክትን እንደ ቀላል አያየውም፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በስልክ ለተላከ ጽሑፍ ሕጋዊ ውጤት ይሰጠዋል። ማታ የተጻፈችው «አለ»ም ሆነች «ላክልኝ» ማስረጃ ናት።

አንድ ነገር ብቻ ይቅረን፤ ዛሬ ጁሙዓ ስለሆነ። በሱረቱል ጁሙዓ ጥሪው ሲደረግ ንግድን እንድንተው፣ ሶላቱ ሲያልቅ ደግሞ በምድር ላይ ተበትነን የአላህን ችሮታ እንድንፈልግ ታዘናል። አንተ ስልክህን አጥፍተህ ኹጥባ እያዳመጥክ ነው፤ ከጎንህ ያለው ሰው ንግድህን የተውክ ይመስለዋል። በዚያው ሰዓት ያንተን ፌስታል የያዘ ሙስሊም ወንድምህ በላፍቶ መንገድ ላይ ነው፤ «እስከ ሰባት ሰዓት ካልደረሰ ትሰርዘዋለች» ብለህ ልከኸዋልና። አንተ ሰፍ ውስጥ ነህ፣ ንግድህ ግን መንገድ ላይ ነው፤ ሶላቱን የከፈለልህም እሱ ነው። ሞተረኛህ ክርስቲያን ከሆነም የእሱ የእሁድ ቅዳሴና የበዓል ቀን አለ፤ ጠይቀው።

የዛሬዋን ደንበኛ ግን አሁኑኑ፣ ወደ መስጂድ ሳትገባ፣ እንዲህ ብለህ ልትጽፍላት ትችላለህ፦ «ጫማው መርካቶ ነው ያለው። ከጁሙዓ በኋላ ሄጄ አየዋለሁ፤ 38 ካገኘሁ ፎቶውን ራሴ አንስቼ እልክልሻለሁ። እስከዚያ ገንዘብ አትላኪ።»

ወላሁ አዕለም።