«ሾተላይ አለባት» አንበል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናንና ምእመናት! 

የእመቤታችንን ጾመ ፍልሰታ ሕፃን ሽማግሌ ሳይባል ሁላችን በፍቅር እንጾመዋለን። የእመቤታችንን ስም ስንጠራ ግን እናቷን ቅድስት ሐናን እናስባት ይሆን? ሐናና ኢያቄም ልጅ በማጣታቸው በሰው ፊት ተነቅፈው፣ አንገታቸውን ደፍተው ያለቀሱ ናቸው። ዛሬም በደባርቅ፣ በዳባት፣ በስሜን ተራሮች ሥር ባሉ መንደሮች እንደ ሐና የሚያለቅሱ እናቶች አሉ። አንዷን ገና በሁለትና በሦስት ወሯ ያስወርዳታል። ሌላዋ የመጀመሪያ ልጇን በሰላም ታቅፋ፣ ሁለተኛው በሆዷ ይሞትባታል፤ ሦስተኛው ቢጫ ሆኖ ተወልዶ ክርስትና ሳይነሣ ያልፋል። ያን ጊዜ ጎረቤት «ሾተላይ አለባት» ይላል። አማት ደግሞ ልጇን ለብቻው ጠርታ «ሌላ አግባ» ትለዋለች።

ወገኖቼ! ይህ ወሬ ብቻ አይደለም፤ ፍርድ ነው። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ኃጢአቱ የማን እንደ ሆነ ጌታን ጠየቁት። ጌታችንም የእርሱም የወላጆቹም ኃጢአት እንዳልሆነ ነገራቸው (ዮሐ. 9፥1-3)። እርሱ ያልፈረደውን እኛ እንዴት እንፈርዳለን?

ለመሆኑ ሾተላይ ምንድን ነው? ሐኪሞች ብዙ ጊዜ በዚህ ስም የሚጠሩት የደም ዓይነት አለመጣጣምን ነው። ደማችን ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ ወይም ኦ ከመባሉ ሌላ «አር ኤች» የሚባል ምልክት አለው። ምልክቱ ያለው ሰው ፖዘቲቭ፣ የሌለው ኔጌቲቭ ይባላል። ይህም ከእናትና ከአባት የሚወረስ ነው። በአገራችን ኔጌቲቭ የሆነው ከ100 ሰው 10 አይሞላም። እናት ኔጌቲቭ፣ አባት ፖዘቲቭ ሲሆኑ ልጁ የአባቱን ሊወርስ ይችላል። በወሊድ ወይም በውርጃ ጊዜ የልጁ ደም ወደ እናቱ ሲገባ፣ ሰውነቷ እንደ ባዕድ ቆጥሮት መዋጊያ ያዘጋጃል። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ ተከትሎ የሚጸነሰውን ፖዘቲቭ ልጅ ግን ያ መዋጊያ ደሙን ያፈርስበታል። ይህ የደም ምልክት የታወቀው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1940 ነው፤ መከላከያ መርፌውም ከ1968 ጀምሮ ይሰጣል።

ውርጃ ሁሉ ግን ከዚህ አይመጣም። የሰው ዘር የሚተላለፍባቸው ክሮሞዞሞች 46 ናቸው፤ 23ቱ ከእናት፣ 23ቱ ከአባት። ጽንሱ ሲጀመር ቁጥሩ ከተዛባ ብዙውን ጊዜ አያድግም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሚወርዱት ጽንሶች ግማሽ ያህሉ ምክንያታቸው ይህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በአጋጣሚ የሚሆን እንጂ የሚወረስ አይደለም፤ የእናት ዕድሜ ከ35 ሲያልፍ ግን ይጨምራል። እንስራ ስለተሸከመች፣ ስለተቆጣች ወይም ሰው ስላያት የሚመጣ አይደለም። ደጋግሞ በሚያስወርዳቸው ጥቂት ባለትዳሮች ዘንድ ደግሞ ከሁለቱ አንዳቸው፣ ባልየውም ሊሆን ይችላል፣ ቦታው የተዛወረ ክሮሞዞም ይገኝባቸዋል። ወባ፣ ቂጥኝ፣ ስኳር፣ የእንቅርት ሕመምም ጽንስ ያስወርዳሉ፤ እነዚህ ታክመው የሚድኑ ወይም የሚረግቡ ናቸው።

እስቲ እናስተውል! እኛ እኮ ስንጋባ ሰባት ቤት የምንቆጥር ነን፤ በእናትም በአባትም በኩል። ዘር ከሁለቱም እንደሚመጣ እናውቃለን። ታዲያ ጽንስ ሲጠፋ ቆጠራውን ረስተን ለምን በሴቲቱ ላይ ብቻ እንጥለዋለን?

«ጸበል እያለ ሐኪም ቤት ለምን?» የሚል አይጠፋም። ጸበል በረከታችን ነው። መድኃኒትንም ሐኪምንም የፈጠረ ግን ያው እግዚአብሔር እንደሆነ ሲራክ ያስተምረናል (ሲራክ 38)። ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ፣ ነፍሳቸውን ይማርልንና፣ በ1999 ዓ.ም. የኤች.አይ.ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ መክረዋል።

እንግዲህ እህቴ ሆይ! እንደጸነስሽ ጤና ጣቢያ ሄደሽ የደምሽን ዓይነት ጠይቂ። ከዚህ በፊት ያስወረደሽ ከሆነ አትደብቂ፤ ተናገሪ። ኔጌቲቭ ከሆንሽ መርፌው በሰባተኛው ወር ገደማ፣ ደግሞም ፖዘቲቭ ልጅ በወለድሽ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። ካስወረደሽ ወይም ደም ከታየሽም ሳትዘገዪ ሂጂ። ሰውነትሽ መዋጊያውን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ከሆነ መርፌው አይመልሰውም፤ ያን ጊዜ ክትትሉ በትልቅ ሆስፒታል ነው። 72 ሰዓት ማለት ሦስት ቀን ነው። በነሐሴ ጭቃ፣ ወንዙ ሞልቶ፣ ከሳንቃበር ወይም ከወቀን ማዶ ለሚመጣ ሰው ሦስት ቀን አጭር ነው። ስለዚህ መርፌው በደባርቅ ይሁን በጎንደር የት እንደሚገኝ ምጥ ሳይመጣ ጠይቂ። ስለ ጾሙም ከንስሐ አባትሽ ጋር ተማከሪ።

ወንድሜ ሆይ! አንተም ተመርመር። ሕልቃና ሐና ልጅ ስላጣች አላባረራትም፤ እንዲያውም አጽናናት (1ኛ ሳሙ. 1፥8)። አማት የሆንሽ እናቴም! ምራትሽ ያጣችው የልጅ ልጅሽን ነው፤ ሐዘኑ የሁለታችሁ ነውና አብረሽ አልቅሽላት፣ በአራስ ቤት እንደምትደርሺላት ሁሉ አሁንም ገንፎውን አቅርቢላት።

ከሥጋ መጾም ከቻልን «ሾተላይ» ከሚለው ስድብም እንጹም። የሐናን እንባ ያበሰ አምላክ ያዘኑትን እናቶች ያጽናናልን፤ የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱስ ሩፋኤል ጥበቃ አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።