ከብየዳው በፊት እጥፋቱን

ልጄ፣ ብረታ ብረት ቤት ገብተህ ሙያ ልትለምድ መሆኑን ስሰማ ደስ ብሎኛል። የጀማሪ ሁሉ ዓይን የሚያርፈው ብልጭ ድርግም የሚለው ብየዳ ላይ ነው፤ የአንተም እዚያው እንዳይቀር እሰጋለሁ። የላሜራ ሥራ ዋናው ማጠፉ ነው። ስስ ላሜራ በጣት ሲነኩት ይርገበገባል፤ ጠርዙን ጥቂት ስታጥፈው ግን ቀጥ ይላል። የጣራ ቆርቆሮ ያን ያህል ሳስቶ የሚጠነክረው በሽንሽኑ ነው። የመኪና በር፣ የፍሪጅ ገላ፣ የፋይል ካቢኔት፣ አሸንዳው ሳይቀር፣ ሁሉም ተቆርጦ የታጠፈ ላሜራ ነው።

ሂሳቡን ልንገርህ። ወርዱ 40 ሳንቲም፣ ከንፈሩ ግራና ቀኝ 5 ሳንቲም የሆነ ትሪ ከ1 ሚሊ ላሜራ ሥራ ተባልክ እንበል። ደምረህ 50 ሳንቲም ብትቆርጥ ትሪው ይሰፋብሃል። ብረቱ ሲታጠፍ ውጪው ይለጠጣል፣ ውስጡ ይጨመቃል፤ ስለዚህ ለየእጥፋቱ 2 ሚሊ ገደማ ቀንሰህ 49.6 ትቆርጣለህ። ልኩ እንደ ማጠፊያው ስለሚለያይ መጀመሪያ ቁራጭ ላይ ሞክረህ ለካና ደብተርህ ላይ ጻፈው። ማጠፊያውን ልክ 90 ዲግሪ ላይ ብታቆመው ብረቱ መለስ ብሎ ይከፈታል፤ ትንሽ አሳልፈው። ሁለት እጥፋት የሚገናኙበትን ማዕዘን ደግሞ ቀድመህ በትራፓኖ ብሳው፤ አለዚያ ይቀደዳል።

ቆርቆሮ ስትገዛ ጌጁን ጠይቅ። ቁጥሩ ሲጨምር ውፍረቱ ይቀንሳል፤ 32 ከ28 የሳሳ ነው። ብዙ ደንበኛ የተገላቢጦሽ ይመስለዋል፤ አስረዳው እንጂ አታታለው።

ዚንክ የተለበጠውን ላሜራ እንደ ጥቁሩ አትበይደው። ነጭ ጭሱን የሳበ ሰው ማታውን ብርድ ብርድ እያለው ያተኩሰዋል። ደግሞም ዚንኩ የተቃጠለበት ቦታ ቀድሞ ይዝጋል። እሱን ጠርዝ በጠርዝ አጥፈህ አቆላልፈው፣ ወይም በሪቬት ያዘው። የግድ መበየድ ካለብህ ዚንኩን ከመበየጃው መስመር ላይ አስለቅቀህ፣ ነፋስ ባለበት ቦታ፣ ጭምብል አድርገህ ሥራ። ጓንትም አትርሳ፤ ገና የተቆረጠ ጠርዝ እንደ ምላጭ ነው።

መጀመሪያ ሠርተህ የምታሳየኝ የተበየደ በር አይሁን። አራቱ ማዕዘን የገጠመ ትሪ አምጣልኝ።