ከምናምን

እያንዳንዱ ጎኑ 1 ሜትር የሆነ ካሬ እንሥራ። ከአንዱ ጥግ ወደ ተቃራኒው የሚሻገረው ሰያፍ መስመር ርዝመቱ ስንት ነው? አናጢ ሜትሩን ዘርግቶ «141 ሳንቲሜትር ከምናምን» ይላል፤ መዝጊያውም ይገጥማል። የሒሳብ አስተማሪዬ ግን 1.414 ብዬ ስጽፍ በቀይ ሰረዙና «ስኩዌር ሩት 2 ብለህ ተወው» አሉኝ። ያኔ ነገሩ መሸሻ መሰለኝ። ጥያቄን መልሶ መጻፍ ከመቼ ወዲህ ነው መልስ የሆነው?

1.414 በራሱ ሲበዛ 1.999396 ነው፤ 1.4142 ደግሞ 1.99996164። ይጠጋል እንጂ 2 አይሆንም። ጉድለቱም የትዕግሥት አይደለም። ቁጥሩ በክፍልፋይ ይጻፋል፣ ክፍልፋዩም እስከ መጨረሻው ተቃሏል እንበል። የላይኛው በራሱ ሲበዛ፣ የታችኛው በራሱ ተባዝቶ የሚሰጠውን እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ የላይኛው ለ2 ይካፈላል። እንዲያ ከሆነ በራሱ ሲበዛ ለ4 ይካፈላል፤ እንግዲያው የታችኛውም ለ2 መካፈሉ ግድ ነው። ሁለቱም ለ2 ከተካፈሉ ታዲያ ክፍልፋዩ መቼ ተቃለለ?

ዓለም በሙሉ ቁጥሮችና በንጽጽራቸው ቆማለች ብለው ለሚያምኑት ለፓይታጎረስ ተከታዮች ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ምሥጢሩን ያወጣው ሂፓሰስ ባሕር ውስጥ ሰጠመ ይባላል። ወሬው ከብዙ ዘመን በኋላ የተጻፈ ነውና እኔ አላምነውም፤ ለምን እንደተወራ ግን ይገባኛል።

ግሪኮች እንዲህ ያለውን «አሎጎስ» አሉት፤ ንጽጽር የሌለው ማለት ነው፤ ቃል የሌለው ማለትም ነው። ዐረቦች «አሰም»፣ ደንቆሮ፣ ብለው መለሱት፤ ላቲኑም «ሱርዱስ» አለ፤ የእንግሊዝኛው «ሰርድ» የመጣው ከዚያ ነው። (መስማት የተሳነን እኛ፣ ደንቆሮ የተባለው እሱ!)

አስተማሪዬ ልክ ነበሩ። አናጢውም አልዋሸም፤ «ከምናምን» ብሏልና። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ 1.414 ብዬ ነጥብ ዘጋሁ። ለመሆኑ ስንቱን ሰው ነው «አውቀዋለሁ፤ እሱ እንዲህ ነው» ብለን የዘጋነው?

አጎቴ ያረፉ ጊዜ በቀብራቸው ላይ የሚነበበውን አጭር የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ታዘዝኩ። ጋዜጠኛ አይደለህ ተብዬ። አጎቴ ከታናሽ ወንድማቸው ጋር 11 ዓመት አልተነጋገሩም፤ የርስት ጉዳይ ነበር፤ በዳዩ ማን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። እኔ ግን «ከሰው ሁሉ ጋር ተግባብተውና ተፋቅረው የኖሩ» ብዬ ጻፍኩ። ምን ልበል? ባለቤታቸው እያለቀሱ፣ ሬሳው ፊታችን ተቀምጦ፣ ምናምኑን ማን ያነብባል? አንድ ገጽ ስንት አሃዝ ይችላል?

ወንድምየው ከለቀስተኛው ኋላ ቆመው ነበር። ያ ዐረፍተ ነገር ሲነበብ ቀና ብለው አዩኝ። ከቀብሩ መልስ፣ እጅ ስንታጠብ፣ አጠገቤ መጥተው «ጥሩ ጽፈሃል» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ የነበረው ምስጋና ይሁን ሌላ ነገር፣ እስካሁን አልለየሁትም።